ከሜዳ ውስጥ የሚወጣ ቃል የማን ነው?

እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2009 በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ሚልዋኪ ባክስ ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር ይጫወት ነበር። የመጀመሪያው አጋማሽ በእኩል ነጥብ ተጠናቀቀና ተጫዋቾቹ ወደ መልበሻ ክፍል ገቡ። የባክሱ ቻርሊ ቪላኑዌቫ በዚህ መሀል ስልኩን ደበቅ አድርጎ አወጣና በትዊተር አጭር መልዕክት ለቀቀ። ነጥቡ እኩል ነው፣ አሠልጣኙ የበለጠ ጥንካሬ ይፈልጋል፣ እኔም መበርታት አለብኝ የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ባክስ ጨዋታውን 86 ለ77 አሸነፈ። ቪላኑዌቫም 19 ነጥብ አስቆጠረ። ድሉ ግን አሠልጣኙን ስኮት ስካይልስን ነገሩን አላስረሳቸውም። ይህ ነገር ዳግመኛ እንዳይታይ አሉ።

ያን ጊዜ ብዙዎች ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር ያዩት። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ቀልዱ ወደ መመሪያነት ተለወጠ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ የስፖርት ሊጎች በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ተጫዋቾቻቸው በጨዋታ ሰዓት ስልክ እንዳይነኩ የሚያዝ ደንብ አላቸው። ጥያቄው ተጫዋች እየተጫወተ ስልክ ይነካካ ወይስ አይነካካ የሚለው አይደለም። በዚህ ላይ ብዙም ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ከሜዳ ውስጥ የሚወጣው ወሬ ባለቤት ማን ነው በሚለው ላይ ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፣ አንዴ የወጣ ወሬ አይመለስም። በስፖርቱ ገበያ ግን ከአፍ የሚወጣው ቃል ዋጋም ወጥቶለታል።

የእገዳው አጀማመር

ቀድሞ የወሰነው የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ፣ ኤንኤፍኤል ነው። ሊጉ እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2009 ባወጣው መመሪያ፣ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ከሚቀረው ጊዜ አንስቶ ከጨዋታ በኋላ ለጋዜጠኞች የሚሰጠው ቃለ ምልልስ እስኪያበቃ ድረስ ተጫዋቾችና አሠልጣኞች በማኅበራዊ ድረ ገጾች ምንም ነገር እንዳያወጡ ከለከለ። ሌላ ሰው በስማቸው እንዲጽፍላቸው ማድረግም አልተፈቀደም። ከአንድ ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2009፣ ኤንቢኤ ተመሳሳይ ደንብ አወጣ። የእርሱ የሚጀምረው ጨዋታው 45 ደቂቃ ሲቀረው ነው። የቤዝቦሉ ከፍተኛ ሊግም እ.ኤ.አ. በ2012 የራሱን መመሪያ ይዞ መጣ። እገዳው ከጨዋታ በፊት ባለው 30 ደቂቃ ይጀምራል።

ቅጣቱም ብዙ አልዘገየም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2009 የባክሱ ወጣት ብራንደን ጄኒንግስ፣ ቡድኑ ያሸነፈበትና የተሸነፈበት ቁጥር እኩል በመሆኑ ደስታውን በትዊተር ገለጸ። ጨዋታው አልቋል። ቡድኑም አሸንፏል። መልዕክቱ ማንንም አልነካም። ሆኖም በእገዳው ሰዓት ውስጥ ስለተለቀቀ 7,500 ዶላር ተቀጣ። የሲንሲናቲ ቤንግልሱ ቻድ ኦቾሲንኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2010 በወዳጅነት ጨዋታ ላይ ትዊተር በመጠቀሙ 25,000 ዶላር ከፈለ። እ.ኤ.አ. ጁን 2015 የቦስተን ሬድ ሶክሱ ፓብሎ ሳንዶቫል ጨዋታው እየተካሄደ በኢንስታግራም ላይ ፎቶዎችን እንደወደደ ታወቀ። ወደ መጸዳጃ ቤት ጎራ ባለበት ጊዜ ነበር ይህን ያደረገው። ክለቡ በማግሥቱ ጨዋታ አላሰለፈውም።

የመኪና ውድድሩ የናስካር ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2012 በዳይቶና 500 ውድድር አንድ መኪና ሜዳውን ከሚያደርቀው ተሽከርካሪ ጋር ተጋጭቶ እሳት ተነሣና ውድድሩ ቆመ። ተወዳዳሪው ብራድ ኬሴሎውስኪ መኪናው ውስጥ ሆኖ እሳቱን በስልኩ ፎቶ አነሣና በትዊተር ለቀቀው። በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ100 ሺሕ በላይ አዳዲስ ተከታዮች አገኘ። ናስካርም አልቀጣውም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኬሴሎውስኪ በፊኒክስ ውድድር ያንኑ ሲደግመው ግን 25,000 ዶላር ተቀጣ። ምክንያቱ በመኪናው ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ይዞ መገኘቱ ነው። አንዱ ድርጊት በፌብሩዋሪ ማስታወቂያ፣ በኖቬምበር ጥፋት ሆነ ማለት ነው።

የተነገረው ምክንያትና ያልተነገረው

ሊጎቹ ለእገዳው የሚሰጡት ምክንያት በአብዛኛው ሁለት ነው። አንደኛው ተጫዋቹ ሐሳቡን በጨዋታው ላይ እንዲያደርግ ነው። ሁለተኛው የቡድን ምሥጢር እንዳይወጣ ነው። ሁለቱም ምክንያቶች መሠረት የላቸውም ማለት አይቻልም።

የሁለተኛውን ክብደት ለማየት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2017 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ፒትስበርግ ስቲለርስ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 18 ለ16 አሸንፎ ወደ መልበሻ ክፍል እንደገባ፣ ተጫዋቹ አንቶኒዮ ብራውን በፌስቡክ ቀጥታ ሥርጭት ጀመረ። አሠልጣኙ ማይክ ቶምሊን ይህን ሳያውቁ የቀጣዩን ተጋጣሚ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስን በስድብ ቃል ሲያነሱ ተሰሙ። አሠልጣኙ ለተናገሩት ይቅርታ ጠየቁ፣ የብራውንንም ድርጊት አጥብቀው ነቀፉ። ሊጉ ተጫዋቹን 10,000 ዶላር ቀጣው። በሳምንቱ ፓትሪዮትስ 36 ለ17 አሸነፈ። ለሽንፈቱ ምክንያቱ ቪዲዮው ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን መልበሻ ክፍል ሰው ልብሱን የሚያወልቅበት፣ የሚያለቅስበትና የሚቆጣበት ቦታ ነው። አንዱ ባልደረባ የሌሎቹን ፈቃድ ሳይጠይቅ በሩን ለዓለም ሲከፍት የሚጎዳው ሊጉ ብቻ አይደለም።

ሐሳብን መሰብሰብ የሚለው ምክንያት ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ሲነሣበት ይንገዳገዳል። እገዳው የሚያበቃው መቼ ነው? ዓላማው ትኩረት ቢሆን ኖሮ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ማብቃት ነበረበት። በኤንኤፍኤልም ሆነ በኤንቢኤ የሚያበቃው ግን ተጫዋቹ ለጋዜጠኞች የሚሰጠውን መግለጫ ከጨረሰ በኋላ ነው። ጄኒንግስ የተቀጣው ጨዋታው ካለቀ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። ከጨዋታው በኋላ የሚነገረው የመጀመሪያ ቃል ለተጫዋቹ ተከታዮች ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ ካሜራና መቅጃ ይዞ ለሚጠብቀው ወገን እንዲደርስ የተደረገ ነው።

ለምን ቢባል፣ መልሱ ያለው የቴሌቪዥን ሥርጭት መብት በሚሸጥበት ዋጋ ውስጥ ነው። ኤንኤፍኤል እ.ኤ.አ. በ2021 ለ11 ዓመታት የተዋዋለው የሥርጭት ስምምነት 110 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያወጣ ተነግሯል። ኤንቢኤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከዲዝኒ፣ ከኤንቢሲ ዩኒቨርሳልና ከአማዞን ጋር ለ11 ዓመታት የተፈራረመው ደግሞ ወደ 76 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ይህን ያህል የሚከፍል ድርጅት የሚገዛው ኳሱን ብቻ አይደለም። ተጫዋቹ ከጨዋታው ሲወጣ ፊቱ ላይ የሚነበበውንና ከአንደበቱ የሚወጣውን ጭምር ነው። ተጫዋቹ ያንኑ ቃል በነፃ በስልኩ ከለቀቀው የተገዛው ዕቃ ዋጋው ይቀንሳል።

ሊጎቹ ራሳቸው ሲፈልጉ ደንቡን እንደሚያላሉት ደግሞ የታወቀ ነው። ኤንኤፍኤል እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 በተካሄደው የከዋክብት ጨዋታ ላይ በሜዳው ጠርዝ ኮምፒዩተር አስቀምጦ ተጫዋቾች እየተጫወቱ ትዊተር ላይ እንዲጽፉ ፈቅዷል። በኤንቢኤ ጨዋታዎችም አሠልጣኞች በሩብ ጨዋታ ዕረፍት ላይ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ቃለ ምልልስ ይሰጣሉ። አሠልጣኝ በጨዋታ መሀል ለማይክራፎን መናገሩ ትኩረቱን የማይበትነው ከሆነ፣ ተጫዋች ጨዋታው ካለቀ በኋላ «ደስ ብሎኛል» ብሎ መጻፉ እንዴት ይበትነዋል?

ወሬ ገንዘብ ሲሆን

እስካሁን ባልነው ብቻ ከቆምን እገዳው የገንዘብ ጥበቃ ነው ብለን ልንዘጋው እንችል ነበር። ዛሬ ግን ደንቡ ሲወጣ ብዙም ያልተወራለት፣ አሁን ግን ከሁሉም የገዘፈ ሦስተኛ ምክንያት አለ። እርሱም ውርርድ ነው።

ይህን አስቀድመው ያዩት ቴኒስና ክሪኬት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ኦፕን የቴኒስ ውድድር ላይ አዘጋጆቹ ለተጫዋቾች ማስጠንቀቂያ ለጥፈው ነበር። በትዊተር የሚለቀቅ ወሬ፣ ለምሳሌ ስለ ጉዳት የሚገልጽ፣ የፀረ ሙስና ደንቡን ሊጥስ ይችላል የሚል ነው። በጊዜው ከተጫዋቾቹ መካከል በማስጠንቀቂያው ያፌዙ ነበሩ። በዓለም አቀፍ የክሪኬት ግጥሚያ ደግሞ ተጫዋቾች ወደ ተከለለው ክፍል ሲገቡ ስልካቸውን ያስረክባሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ የፓኪስታን ተጫዋቾች ገንዘብ ተቀብለው ሆን ብለው የተሳሳተ ኳስ በመወርወር ከተያዙና በ2011 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ካላቸው በኋላ በዚህ ደንብ የሚቀልድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው ሎርድስ ላይ የፓኪስታን ተጫዋቾች ዘመናዊ የእጅ ሰዓት አድርገው ሲታዩ፣ የፀረ ሙስና ኃላፊው እንዲያወልቁት ነግሯቸዋል። ሰዓቱም መልዕክት ይቀበላልና።

በአሜሪካ ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2018 ነው። በዚያ ቀን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስፖርት ውርርድን በአብዛኛው የከለከለውን የፌዴራል ሕግ ሻረ። ክፍላተ ሀገራቱም አንድ በአንድ ውርርድን ፈቀዱ። ዛሬ ተወራራጁ የሚወራረደው ማን ያሸንፋል በሚለው ላይ ብቻ አይደለም። እገሌ ስንት ነጥብ ያገባል፣ እገሌ ስንት ኳስ ይይዛል፣ ቀጣዩ ኳስ ምን ይሆናል በሚለው ላይ ጭምር ነው። እንዲህ ያለው ውርርድ በአንድ ሰው ድርጊት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ «ሆዴን አሞኛል፣ ዛሬ ብዙ አልቆይም» የሚል አንድ መስመር መልዕክት በመቶ ሺሕ ዶላር የሚቆጠር ዋጋ ሊያወጣ ይችላል።

ይህ መላ ምት አይደለም። የቶሮንቶ ራፕተርሱ ጆንቴ ፖርተር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2024 ከኤንቢኤ ዕድሜ ልኩን ታግዷል። ሊጉ ባደረገው ምርመራ፣ ፖርተር ስለ ጤንነቱ የሚገልጽ ምሥጢራዊ መረጃ ለተወራራጅ አስቀድሞ እንደሰጠ፣ ማርች 20 ቀን በነበረው ጨዋታም አሞኛል ብሎ ቀድሞ እንደወጣ ተረጋግጧል። አንድ ተወራራጅ በእርሱ ዝቅተኛ ውጤት ላይ 80,000 ዶላር አስይዞ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ሊወስድ ነበር። ውርርዱ አጠራጣሪ ስለሆነ ክፍያው ታገደ። ፖርተርም በዚያው ዓመት ጁላይ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2025 ደግሞ ሁለት የክሊቭላንድ ጋርዲያንስ የቤዝቦል ወርዋሪዎች፣ ኢማኑዌል ክላሴና ሉዊስ ኦርቲዝ፣ ስለሚወረውሩት ኳስ ለተወራራጆች አስቀድመው ይናገሩ ነበር ተብለው ተከሰሱ። ዐቃቤ ሕግ ከመካከላቸው አንዱ ጨዋታው እየተካሄደ በስልክ ይገናኝ እንደነበር ገልጿል። ሁለቱም ጥፋተኛ አይደለንም ብለዋል። ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው። የስልክ እገዳው ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ክሱ ራሱ ይናገራል።

ሚዛኑ የተዛባበት ቦታ

እንግዲህ እገዳው ተገቢ ነው ማለት ነው? በጨዋታ ሰዓት፣ አዎ። ነገር ግን ደንቡን የሚያስከብረው አካል እጅ ንጹሕ መሆኑም መጠየቅ አለበት።

አራቱ ታላላቅ የአሜሪካ ሊጎችና የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2012 የኒው ጀርሲ ግዛት ውርርድ እንዳትፈቅድ ከስሰው ነበር። ውርርድ የስፖርቱን ንጽሕና ያጎድፋል ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ በ2018 ሲፈርድባቸው፣ ኤንቢኤ በዚያው ዓመት ጁላይ ከቁማር ቤቱ ኤምጂኤም ጋር ተዋዋለ። ኤንኤፍኤልም እ.ኤ.አ. በ2021 ሲዛርስን፣ ድራፍትኪንግስንና ፋንዱኤልን ይፋዊ የውርርድ አጋሮቹ አድርጎ ተቀበለ። በዚያው ዓመት የጨዋታውን ቀጥታ መረጃ ለአወራራጆች የሚያቀርብ ድርጅት ጋርም ውል ገባ። ስለዚህ ከሜዳ የሚወጣ መረጃ በራሱ ነውር አይደለም። በኪሎ እየተመዘነ ይሸጣል። ነውር የሚሆነው ባለቤቱ ሌላ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው ችግር የእገዳው ድንበር መስፋት ነው። በጨዋታ ሰዓት የተጀመረው ዝምታ ወደ ሌላው ሰዓት ሲሻገር አይተናል። የሳን ዲየጎ ቻርጀርሱ አንቶኒዮ ክሮማርቲ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2009 በዝግጅት ካምፕ የሚቀርበው ምግብ ጥሩ አይደለም ብሎ በትዊተር ስላማረረ ክለቡ 2,500 ዶላር ቀጥቶታል። የምግብ ጥራት የጨዋታ ምሥጢር አይደለም፤ የሥራ ሁኔታ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝም ሪያን ባቤል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2011 ሊቨርፑል በማንቸስተር ዩናይትድ ከተሸነፈ በኋላ፣ ዳኛው ሃዋርድ ዌብ የዩናይትድን ማሊያ ለብሰው የሚያሳይ የተቀነባበረ ፎቶ በመልቀቁ 10,000 ፓውንድ ተቀጥቷል። አንዱ አቤቱታ፣ ሌላው ቀልድ ነው። መረጃ ማሾለክና አስተያየት መስጠት ተለይተው ካልተቀመጡ፣ የመጀመሪያውን ለመከላከል የወጣው ደንብ ሁለተኛውን ማፈኛ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመናገር ነፃነትን ያረጋግጣልና እገዳው ሕገ ወጥ ነው የሚሉ አሉ። የሕገ መንግሥቱ ጥበቃ የሚያስረው መንግሥትን ነው። የግል አሠሪ በውል የሚጥለውን ገደብ አይነካም። ተጫዋቹን የሚጠብቀው የሠራተኛ ሕጉና የተጫዋቾች ማኅበር ከሊጉ ጋር የሚፈራረመው የኅብረት ስምምነት ነው። ስለዚህ የእገዳው ፍትሐዊነት የሚወሰነው በድርድር ጠረጴዛው ላይ ነው።

ስልኩ በተጫዋቹ ላይ ሲዞር

የዛሬ 15 ዓመት ያልታሰበ ሌላ ነገርም መጥቷል። ያን ጊዜ ፍርኃቱ ተጫዋቹ ወደ ውጭ በሚልከው መልዕክት ላይ ነበር። ዛሬ ወደ ተጫዋቹ የሚላከው ብሷል። እ.ኤ.አ. ሜይ 2025 የሂውስተን አስትሮስ ወርዋሪ ላንስ ማከለርስ መጥፎ ጨዋታ ካደረገ በኋላ ልጆቹን እንገድላለን የሚል ዛቻ ደረሰው። ፖሊስ ባደረገው ክትትል ዛቻውን የላከው በሌላ አገር ያለ፣ በውርርድ ገንዘብ የተበላ ሰው ሆኖ ተገኘ። በዚያው ሰሞን የኦሊምፒክ ሻምፒዮኗ ጋቢ ቶማስ በፊላደልፊያ ስትሮጥ አንድ ተወራራጅ ሲሰድባት ቆይቶ፣ በእርሷ መሸነፍ ገንዘብ ማግኘቱን በድረ ገጽ አወጀ። አወራራጁ ድርጅት ደንበኛውን አገደው። በእንግሊዝም የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2021 በፍጹም ቅጣት ምት ከተሸነፉ በኋላ ራሽፎርድ፣ ሳንቾና ሳካ የደረሰባቸውን የዘረኝነት ስድብ የማያስታውስ የለም።

በዚህ ዓይን ሲታይ በዕረፍት ሰዓት ስልክ አለመክፈት ለተጫዋቹ ራሱ ዕፎይታ ነው። ነገር ግን ዛቻው ጨዋታው ካለቀ በኋላም ይጠብቀዋል። ሊጉ የተጫዋቹን ጣት ለመቆጣጠር የሚያወጣውን ያህል ጉልበት ተጫዋቹን ከዛቻ ለመጠበቅ ካላወጣ፣ ደንቡ ለማን እንደቆመ መጠየቁ አይቀርም።

እኛን ምን ያገባናል?

የአዲስ አበባ አንባቢ ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው ሊል ይችላል። ይሁንና በከተማችን የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየሰፈሩ ሲከፈቱ፣ ወጣቱም የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ጨዋታ ወረቀት ይዞ ሲከታተል አይተናል። ለዚያ ወጣት እገሌ ቆስሏል የሚለው ወሬ ተራ ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር፣ የጨዋታው ምስልና ወሬ የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል። ሥርጭትና ውርርድ አንድ ላይ በመጡበት ቦታ ሁሉ፣ ተጫዋቹ ምን ይናገር፣ ምን አይናገር የሚለው ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል። ጥያቄው ቅሌት ከተፈጠረ በኋላ ከሚመለስ፣ አስቀድሞ በውል ቢጻፍ ለክለቡም ለተጫዋቹም ይበጃል።

ከሌሎች ልምድ የምንማረው ብዙ አያስቸግርም። የስልክ እገዳው ግልጽ መጀመሪያና መጨረሻ ይኑረው፤ መጨረሻውም የዳኛው ፊሽካ እንጂ የካሜራው መብራት መጥፋት አይሁን። የመልበሻ ክፍል ምሥጢር የሁሉም ስለሆነ ከጨዋታ በኋላም ይጠበቅ። ጉዳትን፣ አሰላለፍንና ሕመምን የሚመለከት መረጃ ከአስተያየትና ከአቤቱታ ተለይቶ ይቀመጥ። የመጀመሪያውን ማሾለክ በብርቱ ይቀጣ፣ ሁለተኛው ይፈቀድ። ደንቡም ተጫዋቹን ብቻ ሳይሆን አሠልጣኙን፣ ሐኪሙን፣ የክለቡን ኃላፊና ባለሀብቱን እኩል ይሰር። መረጃ የሚሾልከው በተጫዋች ስልክ ብቻ አይደለምና።

ከሁሉም በላይ ግን ደንቡን የሚያወጣው ሊግ ብቻውን አይሁን። ተጫዋቹ ተወክሎ የተስማማበት ዝምታ የሥራ ሥነ ሥርዓት ነው። ሌላው ቃሉን እንዲሸጥለት ሲባል ብቻ የተጫነበት ዝምታ ግን፣ ቅጣቱ 7,500 ዶላርም ሆነ 25,000 ዶላር፣ ሥነ ሥርዓት ሊባል አይችልም።